ግንቡና ገደሉ

ስለ ጎንደር የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከነገሥታቱ ይጀምራል። እኔ ከሆቴል አዳር ልጀምር።

ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን አዘዞ ያርፋል፤ እንግዳው ረፋዱ ላይ ፋሲል ግቢ በር ላይ ነው። ግቢውን ከአስጎብኚ ጋር ዞሮ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ከምሳ በኋላ የፋሲል መዋኛን ያያል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት አንጋጦ ይመለከታል፣ ጊዜ ከተረፈው ቁስቋም ይወጣል። በቃ፣ መሸ። አንድ ሌሊት አድሮ በማግሥቱ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ አክሱም ይበራል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ ከዚህ እንግዳ የምታገኘው የአንድ አዳር ሒሳብ፣ የሁለት ማዕድ ዋጋና የመግቢያ ትኬት ነው።

ያው እንግዳ አውሮፕላኑን ትቶ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ደባርቅ ቢገባ ግን ሒሳቡ ሌላ ይሆናል። የስሜንን ተራሮች በእግር ለማየት ሦስትና አራት ቀን ይጠይቃል። አስጎብኚ ይቀጠራል፣ የታጠቀ ስካውት ይመደባል፣ ምግብ አብሳይ ይያዛል፣ ዕቃ የሚጭን በቅሎ ከነባለቤቱ ይመጣል። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ እንቁላሉ፣ ከሰሉ ከደባርቅ ገበያ ይገዛል። ሰውየው ከተራራ ሲወርድ ደክሞታልና ጎንደር ተመልሶ ሌላ ሌሊት ያድራል፤ ሙቅ ውኃና ቀዝቃዛ ቢራ ይፈልጋል።

ግንቡንና ተራራውን ለየብቻ የማላያቸው ስለዚህ ነው። እንግዳውን የሚጠራው ግንቡ ነው፤ የሚያቆየው ተራራው። የሚገርመው ግን የሁለቱ አጠባበቅ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ግንቡ ሰው ሲርቀው ይፈርሳል፤ ገደሉ ላይ ያለው አውሬ ደግሞ ሰው ሲቀርበው ያልቃል። አንድ ክልል ሁለቱን በአንድ እጅ ይዞ ገቢ ላግኝ ሲል ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የተጓዦቹም የዩኔስኮም ሰነዶች የተጻፉት በዚያ ነው።)

ከአፄ ፋሲል በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት ቤተ መንግሥት በአመዛኙ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ከነሠራዊቱ፣ ከነመኳንንቱ፣ ከነካህናቱና ከነባለ እጁ አንድ አገር ላይ ይሰፍራል፤ የአካባቢው እህልና እንጨት ሲሟጠጥ ነቅሎ ይሄዳል። ረግቶ የሚቀመጠው በክረምት፣ ወንዞች ሲሞሉ ነው። ይህ ልማድ በ16ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ጣና ዙሪያ አዘነበለ። አፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ ግንብ አሠሩ። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ኮረብታው ላይ ያየዋል፤ መኪና አስቁሞ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። አፄ ሱስንዮስም ጎርጎራ፣ ደንቀዝና አዘዞ ላይ ሠሩ። ስለዚህ የጎንደር ግንብ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የፈጀ ልምምድ ውጤት ነው፤ ልምምዱ የተሠራባቸው ቦታዎች ደግሞ ዛሬም ጎብኚ ይጠብቃሉ።

ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩን ለመለወጥ ሲሞክሩ ሕዝቡ ተነሣባቸው፤ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሃይማኖቱን ወደ ቀድሞው መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አስወጡና በ1636 ገደማ ጎንደርን ቆረቆሩ። ቦታው እንዴት ተመረጠ? አስጎብኚዎች ንጉሡ ጎሽ ሲከተሉ አንድ ኩሬ ዳር ደረሱ፣ እዚያም አንድ መናኝ ከተማህን እዚህ ቆርቁር አላቸው ብለው ይተርካሉ። ጥሩ ታሪክ ነው። ከተማው ግን ያለ ጎሹም ይገባናል። ቦታው በቀሀና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለ ከፍታ ነው፤ ለመከላከል ይመቻል፣ ውኃ አይቸግርም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ የቆላው ወባ አይደርስበትም። ወደ ምዕራብ በመተማ በኩል ወደ ስናር፣ ወደ ሰሜንም በስሜን አቋርጦ ወደ ምጽዋ የሚሄደው የነጋዴ መንገድ የሚገናኘው እዚህ ነው። እንግዳ የማሳደር ሥራ በከተማዋ የተጀመረው ሆቴል ከመሠራቱ በፊት፣ ከዚያ ከሲራራ ነጋዴው ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ነው።

ፋሲል ግቢ በ900 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር የተከበበ ነው፤ 12 በሮች አሉት። በውስጡ ያለው አንድ ግንብ ሳይሆን ሰፈር ነው፤ እያንዳንዱ ንጉሥ የአባቱን ትቶ የራሱን ሠርቷል። የፋሲል ግንብ አራት ማዕዘን ሆኖ በየጥጉ ክብ ማማ አለው፤ ማማው አናት ላይ ጉልላት ተደፍቶበታል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የመስኮትና የበሩ ቅስት ግን በቀይ ለስላሳ ድንጋይ ተከፍፏል። ይህ ቀይ ክፈፍ ከሩቅ ባይታይም ጠጋ ሲሉት ለሕንፃው ሕይወት የሚሰጠው እሱ ነው። የልጅ ልጃቸው የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ በውስጡ በወርቅና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ እንደነበር ይተረካል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት የጣሉት ቦምብ አገኘው። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ የበካፋ የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጥ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ፣ የአንበሳ ቤት፤ ሁሉም እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው።

ማን ሠራው የሚለው ክርክር አሁንም አላበቃም። ፖርቱጋሎች ናቸው የሚለው አሮጌ አባባል ሥር የለውም፤ ጎንደር ሲቆረቆር ኢየሱሳውያኑ ተባርረው ነበር። ሆኖም በኖራ የመገንባት ጥበብ በሱስንዮስ ዘመን እንደተስፋፋ፣ ከሕንድ የመጣ ባለሙያም እጁ እንደነበረበት የዘመኑ ጽሑፎች ያመለክታሉ። ዩኔስኮ ራሱ ቦታውን በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የሕንድና የዓረብ አሻራ ጠቅሶ፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ወደ ጎንደር ባመጡት በባሮክ ስልት ተለውጧል ይላል። የመጨረሻዋ ሐረግ ከታሪኩ ቅደም ተከተል ጋር እንዴት እንደምትታረቅ አልገባኝም። ድንጋዩን የጠረበው፣ እንጨቱን የገጠመው እጅ ግን የአገሩ ሰው ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩ። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ግንብ ሰው ሲርቀው ይፈርሳል ያልኩት ከዚህ በኋላ በሆነው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ቤተ መንግሥቱ ገና ሰው ነበረው፤ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን የንጉሣዊው ቤተሰብ ልጆች አክሟል። ሥልጣን ግን ከንጉሡ እጅ እየወጣ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ ስም ብቻ ቀሩ፤ ጣሪያ የሚያስጠግን ገቢ አልነበራቸውም። ጣሪያው ሲያፈስ ወለሉ ይበሰብሳል፣ ወለሉ ሲወድቅ ግድግዳው መያዣ ያጣል። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን አስዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን ብራናዎች ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙዎቹን ወደ ሎንዶን አጋዘ። በ1888 ደግሞ ከሱዳን የመጡ ደርቡሾች ገብተው ያልተቃጠለውን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ እሳት ተርፏል። ንብ ወጥታ ደርቡሾቹን አባረረች ይባላል፤ ይህን ታሪክ ለእንግዳ የማይነግር አስጎብኚ ጎንደር ውስጥ የለም።

ጣሊያን በ1936 ሲገባ ግንቦቹን ለጦር ማዘዣና ለቢሮ ተጠቀመባቸው፤ ከግቢው ውጭ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን ሠራ። ጠገነም። ጥገናው ግን በሲሚንቶና በብረት ነበር፤ ለዚህ ዓይነት ግድግዳ ደግሞ ሲሚንቶ ጠላት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖራ ውኃ ያስገባል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን አንዴ በስንጥቅ የገባውን ውኃ እንዳይወጣ ያፍነዋል። የታፈነው ውኃ ከውስጥ ያለውን ኖራ ያሟሟል፣ ለስላሳውን ድንጋይ ይልጣል። ስለዚህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተካሄዱት እድሳቶች አንዱ ሥራ የጣሊያንን ሲሚንቶ ማንሣትና በኖራ መተካት ነበር። በቅርብ ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተካሂዷል። ታድሶ የሚያብረቀርቅ ግንብ ለፎቶ ያምራል፤ እኔ ግን እድሳትን የምመዝነው ጣሪያው ክረምት ላይ ያፈስ እንደሆነና ኖራውን የሚያመጣውና የሚያበስለው ሰው ከፕሮጀክቱ በኋላ ይቀር እንደሆነ ነው። ግንበኛው ካልቀረ እድሳቱ የአንድ ጊዜ ነው።

ከጎንደር ቅርሶች እስከ ዛሬ ያለማቋረጥ በሥራ ላይ ካሉት አንዱ የፋሲል መዋኛ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ከቀሀ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ውኃ ይለቀቅበታል፤ ጥር 10 ታቦታቱ ከየደብራቸው ወርደው እዚያ ያድራሉ፣ ጥር 11 ንጋት ላይ ውኃው ሲባረክ ወጣቱ ከግንቡ ላይ እየተወረወረ ይገባል። አጥሩን የዋርካ ሥር እንደ እባብ ተጠምጥሞበታል፤ ሥሩ ድንጋዩን እየሰነጠቀ፣ የሰነጠቀውን መልሶ አቅፎ ይዞታል፤ ዛፉን ቢቆርጡት ግድግዳው አብሮ ይወርዳል። እንግዲህ ይህ ቦታ የሚጠገነው ጎብኚ ስለሚመጣ ብቻ አይደለም። ባይጠገን ጥምቀት የለም፤ ይህንን ደግሞ ከተማው አይቀበልም። ጎንደር ውስጥ በዓመቱ ሆቴል ሁሉ የሚሞላው በእነዚያ ቀናት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ያለውን ጻፈ። መጨናነቁ ግን አደጋ አለው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2020፣ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። መዋኛው የተሠራው ለንጉሥና ለካህናቱ ነው፤ በየዓመቱ የሚመጣበትን ሕዝብ ያህል ለመያዝ አልታሰበም።

ከጎንደር ወጥቶ ወደ ደባርቅ የሚያቀና መኪና ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ወለቃ ይደርሳል። ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች የነበሩበት መንደር ነው። በ1980ዎቹና በ1991 ነዋሪዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ምኩራቡና የሸክላው ሙያ ቀሩ። ከመንገድ ዳር ትናንሽ የሸክላ ምስሎች የሚሸጡት ሴቶች ዛሬ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል አይደሉም፤ ቅርጹን ግን ይዘውታል። ከእስራኤል የወላጆቹን አገር ለማየት የሚመጣው ወጣት መኪና አስቁሞ ሲወርድ የሚያገኘው እነሱን ነው። ግንቡን ካቆሙት እጆች መካከል ከፊሎቹ የዚህ ማኅበረሰብ ነበሩ፤ ፋሲል ግቢ ውስጥ ግን ይህን የሚነግር ጎልቶ የሚታይ ነገር አላየሁም። አስጎብኚው ካላነሣው እንግዳው ሳያውቅ ያልፋል።

አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲገቡ ሌላ ዓይነት ምሽግ ይጀምራል። ስሜን ውስጥ ግንብ መሥራት አላስፈለገም፤ ተፈጥሮ ሠርቶታል። የቤተ እስራኤል ገዥዎች ከሠርፀ ድንግልና ከሱስንዮስ ጦር ጋር የተዋጉት በእነዚህ አምባዎች ላይ ሆነው ነው። የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ለንግሣቸው ብለው ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ስሜን ውስጥ ነው፤ በ1855 ውቤን ያሸነፉት ቴዎድሮስ እዚያው በተሰናዳው ቤተ ክርስቲያን ነገሡ። ደረስጌን የሚጎበኝ ሰው ጥቂት መሆኑ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ የጎንደር ዘመን ማለቂያ ያ ቦታ ነው።

በአሁኑ ዘመን ግን እንግዳው ወደ ስሜን የሚወጣው ለጦርነት ታሪክ ሳይሆን ለሦስት እንስሳት ነው፤ ለዋልያ፣ ለጭላዳና ለቀይ ቀበሮ። ሦስቱንም በሳይንስ መዝገብ ያስገባው አንድ ሰው ነው፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስሜን የዘለቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፐል። ለቀይ ቀበሮ የተሰጠው ሳይንሳዊ ስም የስሜንን ስም ይዟል። ጭላዳ ሣር በመጋጥ ከሚኖሩ የዝንጀሮ ወገኖች የቀረ ብቸኛው ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፣ ማለዳ ወደ ሜዳው ይወጣና በመቶዎች ሆኖ ተቀምጦ ይነጫል። ሰው ብዙም ስለማይፈራ ጎብኚውን የማያሳፍር እንስሳ እሱ ነው። ዋልያ ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ ያለው ስሜን ብቻ ነው፤ ውሎው ፍየል እንኳ የማይደፍረው ገደል ላይ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይባላል፣ በስሙ ቢራ ተጠምቋል፤ በዓይኑ ያየው ኢትዮጵያዊ ግን ስንት ይሆን?

ዋልያ ከመጥፋት አፋፍ የደረሰው በጠመንጃ ነው። በጣሊያን ወረራና ከዚያ በኋላ የጦር መሣሪያ በየቤቱ ሲገባ ለሥጋው ታደነ፤ ቀንዱም ዋንጫ ሆነ። በ1960ዎቹ 150 ያህል ብቻ ቀርተው ነበር። በ1963 የመጡ የውጭ ባለሙያዎች ቦታው እንዲጠበቅ አሳሰቡ፤ ከ1967 ጀምሮ የዌልስ ተወላጁ ሲ.ደብሊው. ኒኮል የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ ሠራ፤ በ1969 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ከነበሩት 12 ቦታዎች አንዱ ስሜን ነው፤ ላሊበላም አብሮት አለ። ጎንደር የገባችው በማግሥቱ ዓመት ነው፤ ገደሉ ግንቡን ቀድሞታል።

መዝገብ ላይ መግባት ግን መሬቱን ባዶ አያደርገውም። የፓርኩ ወሰን ሲሠመር በውስጡ ገበሬ ነበር፣ ገብስ ነበር፣ ከብት ነበር። ዋልያው የሚበላውን ሣር የገበሬው በግ ይበላዋል። የገበሬው ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ስናስብ አንድ ወረርሽኝ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። ደርግ መፍትሔ ያደረገው ኃይልን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች በግዴታ ተነሡ። ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ሰዉ ወደ ቀዬው ተመለሰ፣ የፓርኩ ካምፖች ወደሙ፣ ጠባቂ የሚባል ጠፋ። ቤቱን ያፈረሰበትን ፓርክ ማን ይጠብቃል? በ1996 ስሜን አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው።

ለመውጣቱ ብዙ ነገር ተደርጓል። የፓርኩ ስፋት ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አደገ፤ መሐሉን ያቋርጥ የነበረው የመኪና መንገድ ምትክ ተሠራለት። ከሁሉም የከበደው የጊጭ መንደር መነሣት ነው። ጊጭ በጎብኚዎች መንገድ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚገኝ የሙስሊም ገበሬዎች መንደር ነበር። ገብስ ያመርቱ፣ ከብትና በግ ያረቡ ነበር፤ ለደከመው መንገደኛ ቡና የሚያፈሉ ቤቶችም ነበሩ። በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። ይህ ከደርጉ ጋር አንድ አይደለም፤ ድርድር ነበረበት፣ ገንዘብም ነበረበት። ለሣሩ ጠቅሞታል፤ የተጋጠው ሜዳ ማገገሙን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ግን ሰዎቹስ? መሬትና ከብት የሚያውቅ ገበሬ በእጁ ገንዘብ ተሰጥቶት ከተማ ሲገባ ገንዘቡ ያልቃል፣ ሙያው ግን ከተማ ውስጥ ገዢ የለውም። እኔ ጊጭን ከማንሣት በቀር አማራጭ አልነበረም የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ፤ ካሣው አንድ ጊዜ ተከፍሎ መዘጋቱን ግን አልቀበልም። መንደሩ የለቀቀው መሬት በየዓመቱ ከጎብኚ ገቢ ያስገኛል። ከዚያ ገቢ በየዓመቱ ለጊጭ ሰዎችና ለልጆቻቸው የሚደርስ ድርሻ መኖር ነበረበት።

ይህን የምለው የሚሠራ ምሳሌ እዚያው ስላለ ነው። ደባርቅ ላይ ባለ በቅሎው፣ አስጎብኚው፣ አብሳዩ የሚሠማሩት በማኅበራቸው በኩል በተራ ነው። ዛሬ የሄደ ባለ በቅሎ የሌሎቹ ተራ እስኪያልቅ ይጠብቃል። እንግዳው የፈለገውን መርጦ ቢወስድ ደስ ይለው ይሆናል፤ ተራው ግን ገንዘቡን ከጥቂት ቤቶች አውጥቶ ወደ ብዙ ቤት ያደርሰዋል። የዚህ ጥቅም በክፉ ቀን ታየ። በ2019 የጓሳውን ሣርና አስታውን እሳት ሲበላው ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ከእነሱ በፊት ግን ቅጠል ይዞ ወደ እሳቱ የወጣው የአካባቢው ሰው ነበር። ከነዚያ መካከል የተራራው ገቢ ቤቱ የሚደርሰው ሰው ጥቂት አልነበረም።

ታዲያ እንግዳ ሲጠፋስ? በ2020 ኮሮና መንገዱን ዘጋ። እሱ ሳያልፍ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2021 ውጊያው ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደረሰ። ከ2023 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የጎንደርን መንገድ ደጋግሞ አቋርጧል። ግንቡ ለጊዜው ይህን ይችላል፤ ጎብኚ ባይመጣ አይራብም። ባለ በቅሎው ግን ልጆች አሉት፣ በቅሎውም መኖ ይፈልጋል። የዋልያው ቁጥር በ2015 ገደማ ከ800 በላይ ደርሶ ነበር፤ የቅርብ ጊዜ ቆጠራዎች ከዚያ ግማሽ በታች መውረዱን ያሳያሉ። ጠባቂው መንቀሳቀስ ሲያቅተው፣ የጦር መሣሪያ ሲበዛ፣ የእንግዳው ገቢ ሲደርቅ፣ የ1940ዎቹ ታሪክ ተመልሶ መጣ።

አካባቢው በአንድ ግንብና በአንድ ተራራ ላይ መንጠልጠሉ ሲታይ ማስፋት የሚለው ሐሳብ ተገቢ ነው። በ1960ዎቹ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰና ባልደረቦቻቸው የነደፉት ታሪካዊ መስመር ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአውሮፕላን አገናኘ፤ በኋላ የተሠሩት የመንግሥት ሆቴሎች ጎሃ፣ ሮሃና የሃም የዚያው መስመር ማደሪያዎች ነበሩ። መስመሩ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ጉድለቱ እንግዳውን ከከተማ ወደ ከተማ አዝልሎ መካከሉን መዝለሉ ነው። ጉዛራ፣ ደንቀዝ፣ ጎርጎራ፣ ደረስጌ ከአውሮፕላን መስኮት አይታዩም። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራ ላይ የተሠራው ሪዞርት ጣና ዳር አዲስ ማደሪያ ፈጥሯል፤ አጠገቡ የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽና ሥዕሎቿ የሚደነቁላት ደብረ ሲና ማርያም አሉ። እንግዳው ከሪዞርቱ ወጥቶ እነሱን ካላየ ግን ሐይቅ ዳር ከመዋል ያለፈ ነገር አያገኝም፤ የመንደሩም ሰው ከጥበቃና ከጽዳት ሥራ ያለፈ ነገር አያገኝም።

ሌላም አለ፤ በምዕራብ፣ በቴዎድሮስ አገር በቋራ፣ የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ። በ2006 የተቋቋመ ቆላ ነው፣ ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከሱዳኑ ድንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2016 ተመራማሪዎች አንበሶች እንዳሉበት በካሜራና በዱካ አረጋግጠው ወሬው በዓለም ተሰማ፤ የቋራ ገበሬ ይህን ለማወቅ ካሜራ አላስፈለገውም። ፋሲል ግቢ ውስጥ እንግዳው ባዶውን የአንበሳ ቤት ፎቶ ያነሣል፤ በዚያው በጎንደር ምድር ሕያው አንበሳ እንዳለ ትኬት ቆራጩም አስጎብኚውም አብዛኛውን ጊዜ አይነግሩትም። ሊወስዱትም አይችሉም። ክረምት መንገዱ አያስገባም፣ በጋ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ሱዳን ከ2023 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፣ ድንበሩም የሽፍታና የኮንትሮባንድ መተላለፊያ ነው። ለጊዜው እስከ ቋራዋ ከተማ ገለጎ ድረስ የሚዘልቀው ሾፌርና ነጋዴ ነው፤ አስጎብኚ ድርጅቶቹም አላጥሽን በመርሐ ግብራቸው ለማስገባት መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አንበሳው ሳይሆን ስለ ድንበሩ ጸጥታ ነው።